የቀይ ቀበሮ ጉርድ ፎቶ

ፎቶ አንሺ ነኝ ስላችሁ አንበሳ ሲያዛጋ፣ ነብር ሲዘል ከሚያነሱት ወገን እንዳታደርጉኝ። የእኔ ሥራ ጉርድ ፎቶ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ፤ ውስጧ ነጭ ግድግዳ፣ በርጩማ፣ ካሜራና ማተሚያ አለ። ሰው ይገባል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ «ቀና ይበሉ፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ አይንቀሳቀሱ» እላለሁ፣ ቀጭ አደርጋለሁ፣ አለቀ። እስካሁን በአራት እግሩ የመጣ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ከጠላ ቤት በቀጥታ የመጡትን ካልቆጠርን ነው ታዲያ።

በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ልብስ ላይ አትማለሁ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

የሰፈራችን እግር ኳስ ቡድን ስሙ «ቀይ ቀበሮ» ይባላል። በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የሌለ አውሬ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጓሳ ተራራ ላይ እየዋለ ሌላ ስም ቢያወጡ ነበር የሚገርመኝ። ቡድኑ ዘንድሮ ተፍጨርጭሮ ተፍጨርጭሮ ለዋንጫ ጨዋታ ደረሰ። አምበሉ ደምሰው፣ በሥራው የግብርና ባለሙያ የሆነ፣ ሲናገር ግን ፊሽካ የዋጠ የሚመስል ሰው፣ ቤቴ መጣና «ማሊያችን ደረት ላይ ቀይ ቀበሮ አትምልን» አለኝ።

«ይቺማ ምን አላት!» አልኩት።

ኢንተርኔት ገባሁ። ቀይ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ቀበሮም ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሁለቱን አጋባሁና «ሬድ ፎክስ» ብዬ ጻፍኩ። የቀበሮ መዓት ወረደልኝ! ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱን፣ ጅራቱ የተንዠረገገውን፣ ነጭ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀጥ ብሎ የሚያየኝን መረጥኩ። ነጩ ነገር ምን መሰለኝ? ውርጭ! የኅዳር ጧት የእኛን ሜዳ የሚያለብሰው ውርጭ። እንዲያውም «ይሄን ያነሳው ሰው እንዴት ማልዶ ቢነሳ ነው!» ብዬ ባለሙያውን አደነቅሁት።

ናሙናውን አተምኩና የቤቴ በር ላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ያዩት አማቴ ናቸው። ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና «የማን ውሻ ነው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለፈ አግዳሚ ሁሉ እየቆመ መሳቅ ያዘ። አንዱ «የእኛው ጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው፤ የዚህን ማን ነጭ ቀባው?» ይላል። ሌላው «እግሩስ? ምነው አጠረ? ከጉልበቱ በታች የት ሄደ?» ይላል። እኔ ገና ለመከራከር አፌን ስከፍት ደምሰው ከተፍ አለ። አየው፣ ቀረብ ብሎ አየው፣ ከዚያ ፊሽካው ተነፋ።

«በረዶ ላይ ነው እኮ የቆመው! አንተ ሰውዬ! የፈረንጅ ቀበሮ ደረታችን ላይ ለጥፈህ የአገር መሳቂያ ልታደርገን ነው?»

«እኔ ውርጭ መስሎኝ…»

«ውርጭ! እሑድ ጨዋታ ነው። እስከ ዓርብ የእኛን ቀበሮ ካላመጣህ ማሊያውን ደብረ ብርሃን ወስደን እናሳትማለን። ይሄኛው ግን ከበርህ ላይ አይወርድም፤ እዚሁ ይኖራል!»

ሥራው ቢሄድ ግድ የለኝም ነበር። ችግሩ በነጋታው ቤቴ ስም ወጣለት፤ «ፈረንጁ ቀበሮ ፎቶ ቤት»። እኔን ራሴን ደግሞ አሳጥረው «ፈረንጁ» ይሉኝ ጀመር። በእኛ አገር የወጣ ስም አይመለስም። ሰውየው ይሞታል፣ ስሙ ይቀራል። ልጆቼ «የፈረንጁ ልጆች» ተብለው ሊያድጉ፣ ሊዳሩ፣ ሊወልዱ ነው! ሚስቴ «ምን ያስጨንቅሃል፤ ትክክለኛውን ከኢንተርኔት አውጣና ተገላገል» አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ከእንግዲህ ከኢንተርኔት ድመት እንኳ አላወጣም! ራሴ ነድቼ፣ ራሴ ፈልጌ፣ በራሴ ካሜራ አነሳዋለሁ አልኩ። አልኩ አልኩ ነው፤ እኔ እንዲህ ነኝ።

መኪና የለኝም። የሚስቴ ወንድም ወንድይራድ ግን አንዲት ያረጀች ቪትዝ አለችው። «ማርሹን ቀስ፣ ፍሬኑን ቀስ፣ ድንጋይ ስታይ ቀስ፤ ሞተሩን ግን ጨርሶ እንዳታጠፋ፤ ባትሪዋ ደክሟል» ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ። እጁ አልለቅ ብሎት ትንሽ ተጓተትን።

ልወጣ ስል አማቴ እማማ አስካለ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ አንድ ፌስታል ቆሎ አንጠልጥለው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። እኅታቸው የምትኖረው ጓሳ ጥግ ነው።

«እግረ መንገድህን ጣል ታደርገኛለህ» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ አውሬ ልጠብቅ ነው የምሄደው። ዝም ብሎ መቀመጥ አለው።»

«ታዲያ እኔ ልዘፍን ነው የመጣሁት?» ብለው ከኋላ ወንበር ተደላደሉ። አማትን ከመኪና የሚያወርድ ሕግ በአገራችን ገና አልወጣም።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ችሎታው ነው እንጂ የጎደለኝ። ቪትዟ ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር እማማ አስካለ «እሰይ! ይቺ ለወንድይራድ ናት» ይላሉ። ሲቀጥልም «ይቺ ደግሞ ለልጄ፤ አንተን ያገባች!» ይሉኛል። እንዲህ እየተመራረቅን ጓሳ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮው መንገዱን ሞልቶ ጠበቀን። ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ፣ ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ እየተንሸራተተ፣ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ምሳውን ይበላል። አንዱ አውራ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ገልጦ፣ ጎፈሬውን ነፋስ እያበጠረለት ልክ ከመስታወቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ምን አለ ይሄን ብታነሳ?» አሉ እማማ አስካለ። «ተበጥሮ፣ ተቀምጦልሃል።»

«የቡድኑ ስም ጭላዳ አይደለማ!»

«ታዲያ ስሙን መቀየር አይቀልም?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና ትንሽ አልፌ፣ ቁልቁል ሜዳው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። አውቃለሁ፤ አታጥፋ ተብያለሁ። ግን ሞተር እየተንደቀደቀ የሚመጣ ቀበሮ አለ? ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና መጠበቅ ጀመርኩ። ጸጥ አለ። ነፋስ ብቻ። የጅባራ ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል። ከዚያ ከኋላዬ፣ ቀርጨጭ!

«እማማ።»

«አቤት።»

«ቆሎው ይሰማል።»

«ገብስ ነዋ! እንዳይሰማ አሹቄው ልምጣ?»

ይሉኝታ ያዛቸውና ከዚያ በኋላ እየመጠጡ ይበሉት ጀመር። እሱ ደግሞ ባሰ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር መኪና ሜዳ ላይ እንዲሁ አይቆምም። ከቆመ ተበላሽቷል። የተበላሸ መኪና አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ደግሞ ሰው አይባልም። እኔ ይህን ሳላስብ ነው እንግዲህ ቀበሮ ጠብቄ፣ በጸጥታ አነሳለሁ ብዬ የመጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። አንደኛው ሸምገል ያሉ፣ ሌላው ጎልማሳ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ በሹክሹክታ።

«ደኅና ናችሁ ወይ? ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ?»

«ደኅና።»

«ምን ነካት?» አሉ ሽማግሌው መኪናዋን በዱላቸው መታ መታ እያደረጉ።

«ምንም አልነካት።»

«ጎማ ነው?»

«አይደለም። ቀበሮ እየጠበቅሁ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌው በቀስታ ወደ ኋላው መስኮት ዞረው ዝቅ አሉና እማማ አስካለን በሚያሳዝን ድምፅ «ቆየበት?» ብለው ጠየቋቸው።

«ኧረ ከሰሞኑ ነው» አሉ አማቴ።

«እግዜር ይማረው።»

«እኔ ጤነኛ ነኝ!» አልኩ፤ ጮኬ ነው መሰለኝ አህያው ደነገጠ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለ ጎልማሳው፤ «መኪና የማይበላሽበት የለም፤ ምን ያሳፍራል? ና እንግፋልህ።»

አይገፋም አልኩ። ይገፋል አሉ። ደኅና ናት ብዬ ማልኩ። ሰው ሲያፍር እንዲህ ነው ተባባሉና «ጥለንህማ አንሄድም» ብለው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ቁጭ ያሉትን ያየ ሌላ መጣ። እሱን ያየ ሌላ መጣ። እያንዳንዱ በየተራው ሰላምታውን ሙሉውን ያደርሳል፣ ምን እንደነካት ይጠይቃል፣ ሽማግሌው ደግሞ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ይሉታል፣ ከዚያ በኀዘን አይቶኝ ይቀመጣል። በስተመጨረሻ የተሰበሰበው ሰው ብዛት አንድ ዕድር ያቋቁማል። ቀበሮ ቢመጣ እንኳ ማንን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው?

እልሄ ባሰ። «እማማ፣ ባናዎን ያውሱኝ» አልኩ። ባናውን ተከናነብኩና ቁልቁል ወርጄ ጓሳው ሣር ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ሣሩ ሰው ይደብቃል። በክርኔ እየተሳብኩ፣ ካሜራዬን ከፊቴ እየገፋሁ ጥቂት እንደሄድኩ፣ ከፊት ለፊቴ ሁለት ቦቲ ጫማዎች አየሁ። ቀና ስል የጓሳው ጥበቃ ነው።

«ማጭዱን የት ደበቅኸው?» አለኝ።

«የምን ማጭድ?»

«ሣር ውስጥ ባና ተከናንቦ የሚሳብ ሰው ማጭድ የለኝም ሊለኝ ነው?»

እውነቱን ነው። ያ ሣር ካለጊዜው አይታጨድም፤ የአገሩ ሰው ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ነው። እዚያ ውስጥ በሆዱ የተኛ ሰው ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ባናውን አራገፈ፣ ከሥሬ ያለውን ሣር አየ፣ ማጭድ አጣ። «ፎቶ ላነሳ ነው» አልኩት፤ «ማንን?» አለኝ። «ቀይ ቀበሮ» አልኩ። እሱም እንደ ሽማግሌው አየኝ።

«ሰው አለህ የሚያውቅህ?»

ባናውን አስታቅፎ ወደ መኪናዋ ወሰደኝ። የኋላውን መስኮት አንኳኳና «እናቴ፣ ይሄን ሰው ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀ። እማማ አስካለ ከላይ እስከ ታች፣ ሣር የተሰካበት ጠጉሬን ሳይቀር አዩኝ።

«ልጄን ድሬለታለሁ» አሉ፤ «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ጥበቃው ሳቀና ለቀቀኝ። እኔ ግን ዘወር ስል ክው አልኩ። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል! ለካ እኔ ሣር ውስጥ ስሳብ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደርሶ፣ ሰው መሰብሰቡን አይቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገብቶበታል። ወገቡ ድረስ ውስጧ ነው።

«ኧረ ተው! ምንም አልሆነችም!» ብዬ ሮጥኩ።

«አግኝቼዋለሁ!» አለና አንዲት ሽቦ አውጥቶ አሳየኝ። ሲያወጣት የሆነ ነገር አብሯት ወጥቷል። ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀጥ። ደግሞ አዞረ። ቀ…ጥ። ሦስተኛው ላይ እሱም የለ። ሾፌሩ እጁን እየጠረገ ወረደና በኩራት «እንዳልኩት ነው፤ ተበላሽታለች» አለ።

የተሰበሰበው ሰው ፊት በራ። ያን ሁሉ ሰዓት በከንቱ አልተቀመጠም! ሁሉም ብድግ አለ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ ቡልኮውን ጣለ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ አድርገው «አላልኩህም?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? አሁንማ እውነት ሆነ። ሾፌሩ መሪ ያዘ። እማማ አስካለ ለመውረድ ተጠይቀው «ብርድ ነው፤ ባናዬንም ተነጥቄያለሁ» ብለው እምቢ አሉ። እኔ ከኋላ ከሚገፉት ጋር ሆንኩ።

«አንድ፣ ሁለት… ሆ!»

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ላይ ጮኸ። ውሻ ጮኸ፣ አህያ አናፋ፣ ጥበቃው ራሱ ጠመንጃውን ወደ ኋላ አዙሮ ይገፋል። እኔ ግንባሬን መኪናዋ ላይ ደግፌ «በቃ፣ ፈረንጁ እንደተባልኩ ልቀር ነው» እያልኩ አንገቴን ወደ ጎን ባዞር፣ ቁልቁለቱ ላይ ከተሰማራው ጭላዳ መሀል አንድ ቀይ ነገር ዝግ ብሎ ይራመዳል።

ረጅም ቅልጥም። ነጭ ጉሮሮ። ጅራቱ ጫፍ ጥቁር!

ሆ የሚለውን ሰው፣ አህያውን፣ ውሻውን ከጉዳይ አልጣፈውም። እጄ መኪናዋን ለቀቀ። ሦስት አራት እርምጃ ወረድኩና ካሜራዬን አነሳሁ። እሱ ግን አፉን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይቆፍራል፤ የሚታየኝ ጀርባና ቂጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ደክሜ የቀበሮ ቂጥ ይዤ ልገባ ነው? ለአምበሉ ምን ብዬ ነው የማሳየው? ያኔ አፌ፣ ያ ዕድሜውን ሁሉ አንድ ነገር ሲል የኖረ አፌ፣ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

«ቀና ይበሉ!»

ቀና አለ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀበሮው ቀና አለና ቀጥ ብሎ ካሜራዬን አየኝ። ሁለቱም ጆሮ ይታያል።

«አይንቀሳቀሱ!»

አልተንቀሳቀሰም። ስንቱ ደንበኛዬ ይሄን አቅቶታል! ቀጭ አደረግሁ። እሱም መልሶ አየኝና፣ ሒሳብ እንደማይጠየቅ እንዳወቀ ሁሉ፣ በዝግታ እየተራመደ ከጭላዳው ጋር ሄደ።

ዘወር ስል መኪናዋ ተነስታ እማማ አስካለን ይዛ እየሄደች ነው። ሰዎቹ ግን ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ከፍተዋል።

«ለካ እውነት ቀበሮ ነው ስትጠብቅ የነበረው?» አሉ ሽማግሌው።

«ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«እንደሱ ስትል እኮ ማን ያምናል» አሉና ለሌሎቹ «ደግሞ አንቱ ነው የሚለው» ብለው አከሉ።

አማቴንና መኪናዋን ተከትዬ ስሮጥ ነው የካሜራዬን ስክሪን ያየሁት። ፎቶው አንደኛ ነው። ግንባር፣ ዓይን፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁሉም በቦታው፤ ፓስፖርት ያወጣል። ብቻ አፉ ውስጥ አይጥ አለች። ጅራቷ ከከንፈሩ ጥግ ተንጠልጥላለች።

ዓርብ ጧት ደምሰው መጣ። ፎቶውን በኮምፒውተር ከፍቼ አሳየሁት። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ።

«አይጥ ይዟል» አለ።

«አዎ።»

«ሌላ የለህም?»

«አንድ ጊዜ ነው የቆመልኝ።»

«አጥፋታ! በኮምፒውተር አጥፋት፤ ለአንተ ምን አላት?»

ማጥፋት እችላለሁ። የሰው ብጉር፣ ጠባሳና ሽበት ሳጠፋ ነው የኖርኩት። ለአይጥ አንድ ደቂቃ አትፈጅብኝም። ግን እምቢ አለኝ። ሣር ሌባ የተባልኩበት፣ ዕብድ የተባልኩበት፣ ያውም አማቴ ፊት! «አላጠፋም» አልኩ። «ከፈረንጅ ያመጣሁትን እውነት አይደለም ብለህ አስጣልከኝ። ይሄ እውነተኛው ነው። የተነሳው ሥራ ላይ ሳለ ነው። አፉን ባዶ አድርጌ ልዋሽበት? አይሆንም! እንዳለ ትወስደዋለህ፤ አለበለዚያ ደብረ ብርሃን ሄደህ አሳትም!»

ደምሰው ደግሞ አየው።

«የእኛው ነው?»

«የእኛው ነው።»

«ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ምን ያሳፍራል» አለ በመጨረሻ። «አትም።» ሲወጣ በረዶው ላይ የቆመውን ናሙና ከበሬ ላይ ነቅሎት ሄደ። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ደስታው እሑድ ድረስ ነበር። የተጋጣሚያችንን ከተማ ስም አልጠራም፤ የሚስቴ ዘመዶች አሉበት። ልጆቻችን ማሊያውን ለብሰው ሜዳ ሲገቡ ከእነሱ ደጋፊዎች አንዱ አይጧን አያት። ከዚያማ ጉድ ፈላ። «አይጥ በሊታ! አይጥ በሊታ!» ያ ሁሉ ሕዝብ በጭብጨባ፣ በጥሩንባ። የእኛ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዱ ዞር ብሎ እኔን ይፈልጋል። እኔ ከእማማ አስካለ ጎን ኩምትር ብዬ ተቀምጫለሁ። ፈረንጁ ሲቀርልኝ «አይጤ» ሊመጣልኝ ነው! አይጧን ባጠፋት ኖሮ ምን ነበረበት? ለነገሩ ይህን ባውቅም አላጠፋትም ነበር። የእኛ ልጆች ኳስ ባገኙ ቁጥር «አይጥ በሊታ!»፣ ባጡ ቁጥር «አይጥ በሊታ!»፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጭራሽ ግጥም ጨምረውበታል።

ያኔ ነው ደምሰው ከየት መጣ ሳይባል ኳሷን በግንባሩ የገጫት። ገባች! ሜዳው ተናወጠ፣ የእኛ ሰው ተቃቀፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ፊሽካው ተነፋ፣ ዋንጫው የእኛ ሆነ። የዚያኛው ወገን ጥሩንባ ተዋጠ። ጸጥ ባለው መሀል እማማ አስካለ ባናቸውን አስተካክለው ብድግ አሉና፣ ፊታቸውን ወደ ተሸናፊዎቹ ደጋፊዎች አዙረው፣ እንደ እናት በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋቸው።

«እንደው ልጆቼ፣ እኛስ አይጥ በሊታ ነን እሺ፤ አሁን የተበላው ታዲያ ማነው?»